የፋይል ቅርጸትና የውድድር ሕግ፦ ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። በነፃው የቢሮ ፕሮግራም በሊብረኦፊስ ያዘጋጁት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሪፖርት በዞኑ ቢሮ በማይክሮሶፍት ወርድ ሲከፈት ሠንጠረዡ ስለሚዘበራረቅ፣ ማይክሮሶፍት የፋይል ቅርጸቱን እንዲገልጥ ሕግ ያስገድደው እንደሆነ ጠይቀዋል።

በአውሮፓ የተገደደበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በሰነድ ቅርጸት አልነበረም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ እንዲገለጥ ያዘዘው የሌሎች ኩባንያዎች ሰርቨሮች (ለብዙ ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጡ ማሽኖች) ከዊንዶውስ ጋር ለመነጋገር የሚያስፈልጋቸውን መረጃ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2007 ይህንኑ አጽንቷል። ወርድን በያዘው በኦፊስ ላይ ደግሞ በ2008 ምርመራ ተከፍቶ፣ ኩባንያው በ2009 መጨረሻ ተናባቢነትን (ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አብሮ መሥራትን) እንደሚያሻሽል በይፋ ቃል ገባ።

የወርድ ፋይል ቅርጸት የሆነው ዶክኤክስም ቢሆን ከ2008 ጀምሮ አይኤስኦ 29500 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት ስላለው ምስጢር አይደለም። ሠንጠረዡን የሚያበላሸው ሁለቱ ፕሮግራሞች መስፈርቱን በየራሳቸው መንገድ መተግበራቸው፣ ብዙ ጊዜም ፎንቱ በቢሮው ኮምፒውተር አለመኖሩ ነው። (ጽሑፉ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ከሆነ ችግሩ የፊደሉ ኮድ ነውና አስቀድሞ ዩኒኮድ ወደተባለው የጋራ የፊደል ኮድ ይቀየር።)

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ክስ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ቢሮው ሪፖርቱን የሚያነበው ብቻ ከሆነ በፒዲኤፍ ይላኩለት።