ማይክሮዌቭ ወይስ ኦቨን? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት ዳቦ በመጋገርና የቤት ውስጥ ምግብ አሠራር በማስተማር የቆዩ አንዲት አባላችን፣ ስለ ሁለቱ ዕቃዎች ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች የሰጧቸው መልሶች እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የሁለቱ መሠረታዊ ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ሙቀቱ የሚነሣበት ቦታ ነው። የኦቨን ማሞቂያዎች አየሩንና ግድግዳውን ያግላሉ፤ ግለቱም ከምግቡ ገጽ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ማይክሮዌቭ አየሩን አያሞቅም። በ2450 ሜጋኸርትዝ የሚልከው ሞገድ በዋናነት በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያነቃንቃል፤ የሚዘልቀውም ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ በመሆኑ «ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል» የሚባለው ስሕተት ነው። ውሃው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚመጡት ግን ገጹ ደርቆ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። በማይክሮዌቭ የበሰለ ሥጋ ከጥብስ ይልቅ ቅቅል የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ድፎ ዳቦ በማይክሮዌቭ መጋገር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አንዲት ተማሪዬ ሞክራ ያመጣችልኝ ዳቦ ከላይ እንደ ሊጡ ነጭ ሆኖ ቀርቶ፣ ሲቆረጥ እንደ ጎማ ይሳብ ነበር፤ ማታ ላይ ቢላዋ እንቢ አለ። ድፎ ከታችም ከላይም እሳት ይፈልጋል። እናቶቻችን ምጣዱን ከድነው በክዳኑ ላይ ፍም የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው፤ ኦቨንም ከላይና ከታች ማሞቂያ ስላለው ከዚያ ዘዴ ጋር ይቀራረባል። ኮባውን አጥበው፣ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ለብለብ አድርገው ትሪው ላይ ያንጥፉት፤ ሊጡን ከገለበጡ በኋላም ከላይ በኮባ ይሸፍኑት። ኦቨኑ አስቀድሞ 180 ዲግሪ ይድረስ። ትልቅ ድፎ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መብሰሉን ለማወቅ ታችኛውን ገጽ በጣትዎ ያንኳኩት፤ ባዶ ዕቃ የተመታ ያህል ድምፅ ይሰጣል።

አንድ አባል፦ የእንጨት ጭስ ያልነካው ድፎ፣ ድፎ አይባልም።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት ላንድድ?

የመጀመሪያው፦ እርሱ የቤትዎ ችግር እንጂ የድፎው አይደለም።

መልስ፦ ጣዕሙ እንደሚለያይ አልክድም፤ ነገር ግን ጥያቄው ስለ ማይክሮዌቭ ነበር። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ማሞቅ ይቻላል?

መልስ፦ ወጡን አዎን፤ እንቁላሉን ሙሉውን እንደሆነ ፈጽሞ አይሞክሩ። አስኳሉ ውስጥ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል፤ አንዳንዴም ሳህኑ ላይ ጸጥ ብሎ ቆይቶ፣ ሲነክሱት አፍ ውስጥ ይፈነዳል። በበዓል ማግስት በእኔው ቤት ፈንድቶ የማይክሮዌቩ በር ተበርግዷል፤ ቁሌቱን ከጣራው ስፍቅ አረፈድሁ። ወጥ እንዲገባው ተብሎ ላዩ ጫር ጫር መደረጉም አይበቃም፤ አስኳሉ ድረስ ለሁለት ይሰንጥቁት። ወጡን በየመሃሉ ያማስሉት፤ ካወጡትም በኋላ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ ዳር ዳሩ እየፈላ መሃሉ ሊቀዘቅዝ ይችላልና።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ማይክሮዌቭ ልትልክልኝ ነው። በትራንስፎርመር ይሠራል?

መልስ፦ አይምጣ። ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ወደ 120 ቢያወርደውም ድግግሞሹን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይለውጥም፤ የእኛ 50፣ የአሜሪካው 60 ኸርትዝ ነው። ለ60 የተሠራው የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ከልክ በላይ ይግላል። ገንዘቡን ትላክልዎትና እዚሁ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ሥራው ካልተነገረኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ምግቡ ውስጥ አይቀርም?

መልስ፦ አይቀርም። በሩ ሲከፈት ሞገዱ ይቆማል፤ ምግቡ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። በሩ የተጣመመ ወይም በደንብ የማይገጥም ከሆነ ግን አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ግን ለጤና እንዴት ነው?

መልስ፦ አሁን መለስሁ እኮ። አንድ መስመር ከፍ ብለው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ መብራት የሚቆጥበው የትኛው ነው?

መልስ፦ ለአንድ ሳህን ማይክሮዌቭ፤ ኦቨን ገና እስኪግል ድረስ እርሱ ሥራውን ይጨርሳልና። ለቤተሰብ የሚበቃ ዳቦ ወይም ላዛኛ ከሆነ ኦቨን።

ጥያቄ፦ የደረቀ እንጀራስ?

መልስ፦ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ያልብሱትና በማይክሮዌቭ 15 ሰከንድ ያህል ያሙቁት። ከዚያ ካለፈ ውሃው ተኖ ያልቃል፤ ሲቀዘቅዝም ከቀድሞው የባሰ ይደርቃል። ኦቨን ውስጥ ግን ድርቆሽ ካልፈለጉ በቀር አያስገቡት።

ጥያቄ፦ እንቁላሉን በክዳን ብሸፍነውስ?

መልስ፦ ክዳኑም አብሮ ይፈነጠራል። ይሰንጥቁት።