መልስ፦ ስፔክትረምን ማመጣጠን ኖይዝን ያስወግዳል?

ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች ከሚመላለሱበት መንገድ አጠገብ በጂኦፎን (የመሬት ንዝረት መቅጃ) የቀዱትን የሴይስሚክ መረጃ ስፔክትረሙን (የድግግሞሾቹን ስርጭት) በማመጣጠን ከኖይዝ (ከማይፈለግ ምልክት) ማጽዳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ብቻውን አይበቃም። ዘዴው የእያንዳንዱን ድግግሞሽ አምፕሊቲዩድ (የሞገድ ከፍታ) በዙሪያው ባሉት ድግግሞሾች አማካይ የሚያካፍልና ፌዙን (የሞገዱን የጊዜ አቀማመጥ) የማይነካ በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚያይለውን የገጽ ሞገድ ቢያበርድም፣ የምንፈልገው ምልክት በሌለበት ባንድ (የድግግሞሽ ክልል) ያለውን ኖይዝ ግን ጭራሽ ያጎላዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የኤሌክትሪክ መስመሩን 50 ኸርዝ በኖች ፊልተር (አንድን ድግግሞሽ ለይቶ በሚያስወግድ ማጣሪያ) ያውጡ፤ ከዚያም የንዝረቱ ምንጭ የሆነው መዶሻ ከመመታቱ በፊት የተቀዳውን ክፍል ስፔክትረም ከምልክቱ ስፔክትረም ጋር አነጻጽረው፣ ምልክቱ በግልጽ የሚበልጥበትን ባንድ ብቻ ያመጣጥኑ። በአንድ ነጥብ 16 ጊዜ መትቶ ቅጂዎቹን መደመርም፣ ኖይዙ የዘፈቀደ እስከሆነ ድረስ፣ ምልክቱ በኖይዙ ላይ ያለውን ብልጫ 4 እጥፍ ያሳድጋል (እኔ ብሆን መኪና በሚቀንስበት ሌሊት እቀዳ ነበር)። አምፕሊቲዩድ የሚለኩ ከሆነ ያልተመጣጠነውን ቅጂ ይጠቀሙ።