የአካል ጉዳተኛ ሠራተኛና የአሠሪ ግዴታ፤ ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነኝ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነኝ። ኃላፊዬ ትእዛዙን በአፍ ብቻ ይናገራል፤ ስሳሳት ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ምን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ብዙ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ይህም መሣሪያውን፣ ሰዓቱን፣ የሥራውን መስፈርትና አካባቢውን ማስተካከልን ይጨምራል። አለማድረጉ ራሱ መድልዎ ነው። ስለዚህ የዕለቱ ትእዛዝ በጽሑፍ ወይም በናሙና ልብስ እንዲሰጥዎ፣ የአደጋ ደወሉ መብራት እንዲኖረው፣ በሥልጠና ቀን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመጣ ይጠይቁ። ረዳት መመደብም በአዋጁ ከተዘረዘሩት የአሠሪ ግዴታዎች አንዱ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው፤ ቅጂውን አስፈርመው ያስቀምጡ። እውነት ይዘው ወረቀት ግን ሳይኖራቸው ፍርድ ቤት የሚቆሙ ሰዎችን ማየት ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ። ዊልቸር የምትጠቀም ገንዘብ ተቀባይ ብቀጥር ቤቱን አፍርሼ ልሠራ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና አይጥልም፤ ወጪው፣ የድርጅቱ ስፋትና የሠራተኞቹ ብዛት ይታያል። ነገር ግን ሳይሞክሩ «አቅም የለኝም» ማለት አያስኬድም። ሐዋሳ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ጊዜ እንቅፋቱ ደጃፍ ላይ ያሉት አንድ ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ብረት ሠሪ ተነቃይ መወጣጫ ይሠራልዎታል፤ ባንኮኒውንም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እባክዎ መጸዳጃ ቤቱን አይርሱ! እሱ ካልተመቸ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ከሁሉ በፊት ግን የሚያስፈልጋትን እሷኑ ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። በቅጥር ፈተና ከተመረጠው ሰው በጥቂት ነጥብ አነስኩ።

መልስ፦ በእኩል ወይም በተቀራራቢ ነጥብ ቅድሚያው የአካል ጉዳተኛው ነው። ፈተናውን ያለ አንባቢ ወይም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን አንባቢ) የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሰጥተውዎት ከሆነ ያንንም በአቤቱታዎ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ተሰናበትኩ። ምክንያቱ ጉዳቴ መሆኑን በምን ላስረዳ?

መልስ፦ የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ አይደለም፤ መድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ይህን የማያውቁ ስንቶች ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ቆርጠዋል! ማኅበርዎም ስለ እርስዎ ሊከስ ይችላል። ጊዜውን ግን ይጠብቁ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከስንብቱ በኋላ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አዋጅ 568 ጥፋተኛውን የሚቀጣው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው፤ ለዛሬ ኑሮ ኢምንት ስለሆነ ሊሻሻል ይገባል እላለሁ። ትልቁ ነገር ሥራዎን ማስመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሕመምስ ይካተታል?

መልስ፦ አዎ፤ አዋጅ 568 ለአካል ጉዳተኛ የሰጠው ትርጓሜ የአእምሮ ጉዳትንም ይይዛል። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያመጣብዎት ከሆነ የሌሊት ፈረቃው እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ፤ ሐኪሙም የትኛው ሰዓት እንደማይስማማዎ በማስረጃው ላይ ይጻፍልዎ።