ለግልገል ድመት የመልአክ ስም ማውጣት ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ልጆቼ በጎርፍ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ሲጮኽ ያገኙትን ግልገል ድመት አውጥተው ወደ ቤት አመጡት፤ እኛም ልናሳድገው ወስነናል። ትንሹ ልጄ «ከሞት የዳነ ስለሆነ ሚካኤል እንበለው» አለ። እናቴ ግን የመልአክን ስም ለእንስሳ መስጠት ድፍረት ነው፥ ድመት የነካ ሰውም ሳይነጻ መጸለይ የለበትም ብላ አዘነች፤ ልጄም አለቀሰ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፥ ከሁሉ አስቀድሞ ልጆችዎ ስላደረጉት ነገር ደስ ይበልዎ። ጠቢቡ በምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተናግሯል። ጌታችንም በሰንበት ቀን በሬው ጕድጓድ የወደቀበት ሰው ወዲያው እንደሚያወጣው ጠቅሶ ያስተማረው፥ ይህ ርኅራኄ በሰሚዎቹ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ነው (ሉቃ. 14፥5)።

ወደ ስሙ ስንመጣ፥ ለእንስሳ ስም ማውጣት በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ እንዲያውም ለሰው ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ዘፍጥረት 2፥19 እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም ያመጣቸው በምን ስም እንደሚጠራቸው ያይ ዘንድ እንደሆነ ይነግረናል። ይህን «ያይ ዘንድ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ አዳም ስም ያወጣው ፈጣሪ እየተመለከተው ነው። ስለዚህ ስም የምናወጣለት ፍጡር የፈጣሪው እንጂ የእኛ መጫወቻ አይደለም፤ በስሙ የጠራነውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልንመግበው፥ ሲታመም ልናስታምመው ኃላፊነቱን ወስደናል ማለት ነው።

በመልአኩ ስም ጉዳይ ግን ከእናትዎ ጋር እስማማለሁ። ሚካኤል ማለት «ማን እንደ እግዚአብሔር» ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ የእግዚአብሔርን አቻ የለሽነት ይመሰክራል። የቅዱሳንንና የመላእክትን ስም ለሰው ስናወጣ፥ ተጠሪው በጥምቀት ከእግዚአብሔር ተወልዶ የስሙን ባለቤት አማላጅነት እንዲለምንና አርአያውን እንዲከተል ነው። ድመት ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ጥምቀትም ለሰው እንጂ ለእንስሳ አልተሰጠችም። ደግሞም የቤት እንስሳ በፍቅር ብቻ አይጠራም፤ መጋረጃ ሲቧጭር፥ ከማዕድ ሲሰርቅ በቁጣ ይጮኽበታል፥ ይባረራልም። በጸሎታችን በፍርሃት የምንጠራውን ስም በዚያ ጩኸት ውስጥ መስማት ለአማኝ ጆሮ ይከብዳል፤ ልጆችም ከመደጋገሙ የተነሣ ስሙን አቅልለው ይለምዱታል። በዚሁ ምክንያት ድመቱን በምታውቁት ሰው ስም፥ በተለይም በተጣላችሁት ሰው ስም፥ መጥራት አይገባም፤ ይህ ስድብ ነው።

ሆኖም ልጅዎ ኃጢአት ሠርቷል ብዬ አላስብም፤ እናንተም እንዲህ አትበሉት። እርሱ የሚወደውን ታላቅ ስም ለሚወደው ታናሽ ፍጡር ሊሰጥ ፈለገ። በቁጣ ከመከልከል ይልቅ የስሙን ትርጕም ንገሩትና ከድመቱ መልክና ጠባይ፥ ወይም ከተገኘበት ሰዓት፥ ሌላ ስም ራሱ እንዲመርጥ አድርጉ፤ ጤዛ፥ ደመና፥ ንጋት የመሳሰሉ አጫጭር ስሞች ለመጥራትም ለእንስሳውም ይቀላሉ። አያቱም አብረዋችሁ ቢመርጡ እጅግ ደስ ይለኛል።

ስለ መንጻት የተጠየቀው አጭር መልስ አለው። ዘሌዋውያን 11፥27 በመዳፋቸው ስለሚሄዱ አራዊት ሲናገር እስከ ማታ ርኩስ የሚሆነው በድናቸውን የነካ እንደሆነ ይገልጻል፤ ሕያው ድመትን ስለ መዳሰስ አይናገርም። ከጸሎት በፊት እጅን መታጠብ ግን ለእግዚአብሔር ክብር፥ ለጤናም መልካም ነው። ቅዱስ ቍርባን በምትቀበሉበት ቀን ስለሚደረገው ጥንቃቄ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እንስሳ ከሰው ጋር በቤት ማደሩ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ደግሞ ነቢዩ ናታን ለዳዊት ከነገረው ምሳሌ እንረዳለን፤ የድሀው ሰው በግ ከልጆቹ ጋር አደገች፥ ከዋንጫው ጠጣች፥ በብብቱ ተኛች፥ እንደ ልጁም ሆነችለት (2ሳሙ. 12፥3)። ዳዊት ያቺን በግ ነጥቆ ባረደው ሰው ላይ ሲቈጣ፥ እንስሳን እንዲህ መውደድ እንግዳ ነው ያለ ማንም አልነበረም።

ርኅራኄውም በተግባር እንዲገለጥ፥ ግልገሉ ገና ጡት ያልተወ ከሆነ የላም ወተት አትስጡት፤ ሆዱን ያውከዋልና። ሙቀት እንዳይጐድለው አድርጉ፥ ሳትዘገዩም ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ሳትጠይቁኝ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ስም ከማውጣታችሁ በፊት በአካባቢው ባለቤት እንዳለው ጠይቁ፥ እናቱም በአቅራቢያው እየፈለገችው እንዳልሆነ ተመልከቱ። ዘዳግም 22፥2 የጠፋ እንስሳ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ በቤቱ ጠብቆ እንዲመልስለት ያዝዛልና። ይህንንም ለልጅዎ ዛሬውኑ ንገሩት፤ ባለቤቱ ቢመጣ ድመቱን ራሱ በእጁ ይስጠው፤ ማንም ካልመጣ ግን በመረጠው ስም ይጥራው።