ስለ ስፔስ ኢንስቲትዩታችንና ስለ ሳተላይት ምስል፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ኢንስቲትዩቱ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

መልስ፦ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ፤ በ2007 እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተመረቁ፤ በ2009 ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ፤ በ2014 ከጂኦስፓሻል (የካርታና የመሬት መረጃ) ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሐደ። 72 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች። ይኼው ነው።

ከኮምቦልቻ፦ በእሷ ምስል የአባቴ ማሳ ይለያል?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ። የምስሏ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ነው። አንድ ጥማድን 50 በ50 ሜትር ብንለው ወደ 13 ነጥብ ይደርሰዋል። ዳር ዳሩ ያለው ነጥብ ግን ግማሹ የአባትህ ጤፍ፣ ግማሹ የጎረቤት ማሽላ ነው። ንጹሑ እንደ አቀማመጡ ከ4 እስከ 9 ነው። 8 ሜትር ስፋት ባለው እርከን ላይ አንድም ንጹሕ አታገኝም።

ለማሳ ሥራ ሴንቲኔል-2 የሚባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ምስል አውርድ፤ ነጻ ነው፣ ነጥቡም 10 ሜትር ነው። ልምላሜውን ለማስላት ባንድ 4ን (ቀዩን ብርሃን) ከባንድ 8 (ለዓይን ከማይታየው ቅርብ ኢንፍራሬድ) ቀንስ፣ ውጤቱን ለድምራቸው አካፍል። ልብ በል፦ በፋይሉ ስም ውስጥ ከኤን (N) ቀጥሎ ያለው ቁጥር 0400 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በየነጥቡ 1,000 ተጨምሮበታል፤ ከሁለቱም ባንዶች አስቀድመህ ቀንስ። ባንድ 8 ትክክለኛው 3,000፣ ባንድ 4 ደግሞ 1,000 ቢሆን ውጤቱ 0.5 ነው። ሳትቀንስ ብታሰላ 4,000 እና 2,000 ይሆኑና 0.33 ይወጣል። ለምለሙ ማሳ የተጠማ ይመስልሃል። አንዳንድ ድረ ገጽ ራሱ ቀንሶ ያቀርባልና ሁለት ጊዜም እንዳትቀንስ።

ከደላንታ፦ ቻይና የሠራችውን ሳተላይት የእኛ ማለት ግን ይከብደኛል።

ከሐይቅ፦ ኧረ ወንድሜ! መሐንዲሶቻችን አብረው ሠርተዋል፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ነው።

ከደላንታ፦ አብሮ መሥራትና ራስ መሥራት ይለያያል።

ከላሊበላ፦ ይልቅ ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ) በእኛ ተራራ ላይ ታስቦ ነበር፤ የእንጦጦ ሰማይ እኮ የአዲስ አበባ መብራት አለበት።

መልስ፦ የላሊበላው እውነት ነው፤ ከፍታውም ጨለማውም አለው። የሳተላይቷን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከወልድያ፦ ክረምት ላይ ያወረድኩት ሁሉ ነጭ ነው።

መልስ፦ ደመና ነው። ከሴንቲኔል-2 ምስል ጋር የሚመጣና የየነጥቡን ዓይነት በቁጥር የሚነግር ኤስሲኤል (SCL) የሚባል ንብርብር አለ፤ በእሱ ውስጥ 8፣ 9 እና 10 ደመና፣ 3 የደመና ጥላ ናቸው፤ አውጣቸው። ጥላውን ብቻ የሚረሳ ብዙ ነው፤ ጥላ ያረፈበት ማሳ የተለወጠ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴን ለሴንቲኔል-1 ተውት፤ ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ምስሉ ጥሩ አይደለም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሩ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው? የትኛው ሳተላይት፣ የየትኛው ቀን፣ የትኛው ባንድ? እሱን ጻፍልኝ።

ከኩታበር፦ የጥቅምት 2013ን ከጥቅምት 2016 ጋር ሳወዳድር የማሳችን ልምላሜ ከ0.5 ወደ 0.33 ወርዷል። ድርቅ ነው?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አላነበብክም። ከኤን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ከሁለቱም ፋይሎች ገልብጠህ ላክልኝ፤ ድርቅ መሆን አለመሆኑን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።