ጋቢናው ከየት ነው ውሃ የሚያስገባው? የፒካፕ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ጠዋት በሩ ሲከፈት የረጠበ ምንጣፍ። ዛሬ በየተራ እመልሳለሁ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን፣ ጋቢና ሲሠራ ውሃ ጭራሽ እንዳይደርስበት ተደርጎ አይደለም። ውሃ በበሩ ሆድ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ግርጌ፣ በጣሪያው ጠርዝ እንዲያልፍ መንገድ ተትቶለታል፤ መውጫም አለው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው መውጫው ሲደፈን ነው። ሲሊኮን ከመግዛታችሁ በፊት መውጫዎቹን እዩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ያለኝ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው። ማታ ከዘነበ ጠዋት ከሾፌሩ ጎን በሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ውሃ ይቋጥራል። በፊት መስታወቱ ዙሪያ ሲሊኮን አስደረግኩ፣ ለውጥ የለም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናው የሚያድረው ዛፍ ሥር ነው? ከሆነ መስታወቱን ተወውና ኮፈኑን ክፈት። ከመስታወቱ ግርጌ፣ ዋይፐሮቹ የሚወጡበት ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ከፕላስቲኩ በታች እንደ ቤት አሸንዳ ያለ የላሜራ ቦይ ተዘርግቷል። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይገባና በግራና በቀኝ ጫፍ፣ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው ሽፋን) ጀርባ ወደ መሬት ይፈሳል። የጽድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከአቧራ ጋር ሲቦካ ጫፎቹን ይደፍናል። ውሃው በቦዩ ውስጥ ከፍ እያለ ይመጣና የጋቢናው ማራገቢያ ከውጭ አየር ከሚስብበት አፍ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ማራገቢያው ያለው ደግሞ በዚያው በተሳፋሪው በኩል ነው።

ለማረጋገጥ የክሩስኮቱን (የዳሽቦርዱን) ኪስ አውጣ። ከጀርባው የጋቢና አየር ፊልተር ካለ ስበህ እየው። ከረጠበ፣ ወይም የደረቀ የጭቃ ውሃ መስመር ካለበት፣ መንገዱ ይኸው ነው። ደረቅ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ለማጽዳት በመጀመሪያ ዋይፐሮቹ መስታወቱ ላይ ያረፉበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርግ፤ አለዚያ ስትመልሳቸው ጠርዝ ይመታሉ። ከዋይፐሩ ክንድ ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አንስተህ ዳዶውን ፍታ፣ ክንዱን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝክ አውጣ። ጥቁሩ ፕላስቲክ በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ በባዶ ካቻቢቴ አትፈልቅቀው፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው። ቅጠሉን በእጅ ዝቀህ አውጣ። በላቫጆ ቱቦ ገፍቼ ላውጣው ብትል ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሄዶ ይጠቀጠቃል፣ ውሃውም ማራገቢያው ውስጥ ይገባል። ካጸዳህ በኋላ 2 ሊትር ውሃ ቀስ እያልክ ቦዩ ላይ አፍስስና ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጀርባ መውረዱን ተመልከት። ባንዱ በኩል ብቻ ከወረደ ሥራው አላለቀም።

ጥያቄ፦ የእኔ በበጋም ይረጥባል፤ ዝናብ የለም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤሲ ስትጠቀም ከሆነ የኤሲው የውሃ መውጫ ተደፍኗል። በሙቀት ቀን ኤሲ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከሠራ መኪናው ሥር ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ካልተንጠባጠበ ውሃው ውስጥ እየቀረ ነው። ከክሩስኮቱ ኋላ ካለው ላሜራ ወደ ሞተሩ በኩል የምትወጣ አጭር የጎማ ቱቦ አለች፤ በለስላሳ ፕላስቲክ ዘንግ ከታች ወደ ላይ ጎርጉራት። በኃይለኛ አየር ከነፋሃት ግን ውስጥ ካለው መጋጠሚያ ልትወልቅ ትችላለች፤ ያኔ ክሩስኮት ማውረድ ሊመጣ ነው።

ፈሳሹን በጣትህ ፈትገው። የሚያንሸራትት፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ቀለም ያለው ከሆነ ውሃ አይደለም፤ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፣ የሚያፈሰውም የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ይህ መርዝ ነው፤ ሕፃናት እንዳይነኩት። ሞተሩም ፈሳሽ እያጣ ነውና ጉዞውን አቁመህ አሠራው።

ጥያቄ፦ ከየት እንደሚገባ በምን አውቃለሁ? ሁለት ጋራዥ ሄጄ ሁለቱም በግምት ነው የሠሩት። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ በግምት የሚሠራ ሰው ገንዘብሽን ነው የሚሞክርበት። ትክክለኛው ሙከራ ሁለት ሰው፣ አንድ የአትክልት ቱቦና አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

ምንጣፉ ተነሥቶ ላሜራው በጨርቅ ይደርቅ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ በሮቹ ይዘጉ። ውጭ ያለው ሰው የቱቦውን አፍ ሳይጨምቅ፣ ውሃው እንደ ምንጭ እየፈሰሰ፣ ከታች ይጀምር፦ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የበሩ ጎን፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ግርጌና ሁለቱ ጎኖች፣ ከዚያ የኋላው መስታወት፣ በመጨረሻ ጣሪያ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ። ከጣሪያ ከተጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥብ ከየት እንደገባ መለየት አይቻልም። ውስጥ ያለው ሰው የመጀመሪያዋን ጠብታ እንዳየ ይጩህ፤ ቱቦው ባለበት ቆሞ ጠብታዋ ወደ ላይ ትከተል። ውሃ በሽቦና በላሜራ መጋጠሚያ ተከትሎ ስለሚሄድ የረጠበው ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ።

የላቫጆ መሣሪያ ለዚህ አይሆንም። ግፊቱ ደህናውን ጎማ ሁሉ ከፍቶ ያስገባል፤ የሌለ በሽታ ያሳይሻል።

የበሩን ጎማ ብቻ ለመፈተሽ ደግሞ ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ አድርገሽ ዝጊና ሳቢው። እየያዘ ከወጣ ጎማው ይሠራል። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ላይ ጎማው ሞቷል ወይም በሩ ዘሟል። የዘመመ በር በአዲስ ጎማ አይድንም፤ መቆለፊያው የሚይዝበትን ብረት ሁለት ብሎን አላልቶ ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

ጥያቄ፦ ከኋላ በር አጠገብ ያለው ምንጣፍ ብቻ ነው የሚረጥበው። በሩ ሲከፈት ውስጡ ውሃ የሚንቦጫረቅ ይመስላል። (ከጅማ)

መልስ፦ ድምፁ ነግሮሃል። በመስታወቱ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከፊሉ ሁልጊዜ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ጤነኛ ነው። የሚወጣው በበሩ የታችኛ ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። በሩን ከፍተህ ያን ጠርዝ በጣትህ ዳስስ፦ ሞላላ ቀዳዳዎች ታገኛለህ፣ ብዙ ጊዜ በጭቃ ወይም ዝገት ይከላከላል ተብሎ በተቀባ ሬንጅ ተደፍነው። በፕላስቲክ ማሰሪያ ክፈታቸው። ጠቁሮ ጭቃ የያዘ ውሃ ቢወርድ አትደንግጥ።

ቀዳዳው ክፍት ሆኖም የሚገባ ከሆነ የበሩን ልብስ አውርድ። ከሥሩ ላሜራውን የሚሸፍን ፕላስቲክ አለ። ስፒከር የገጠመ ወይም የመስታወት ማንሻ የጠገነ ሰው ቀድዶት በስኮች ለጥፎት ታገኘዋለህ። ስኮች በእርጥበት በቶሎ ይላቀቃል። በጥቁር የቡቲል ገመድ (እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ማሸጊያ) ዙሪያውን ለጥፈው፤ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ ይግባ እንጂ ወደ ውጭ አይንጠልጠል። ወደ ውጭ ከቀረ ፕላስቲኩ ራሱ ውሃውን ወደ ምንጣፉ የሚያወርድ አሸንዳ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ካስገጠምኩ በኋላ የጣሪያው ጨርቅ ቢጫ እድፍ አወጣ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጣሪያው ተበስቷል ማለት ነው። ብሎኑን ከላይ በሲሊኮን መሸፈን አይበቃም፤ ጭነት ሲወዛወዝ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹን አውጣ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልስ፣ ዝገቱን ጠርገህ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባ። ሲደርቅ ፖሊዩሬታን ማሸጊያ ከብሎኑ ሥርና ከቀዳዳው ዙሪያ አድርገህ ከጎማ ሮንዴላ ጋር እሰር። ማሸጊያው ሁለቱ ብረቶች መካከል ሲጨመቅ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ፒካፔ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይረጥባል፤ በሮቹ ደህና ናቸው። (ከአሜሪካ)

መልስ፦ እዚያ ያሉ ብዙ ፒካፖች ሦስተኛው የፍሬን መብራት ጋቢናው ላይ ከኋላ መስታወቱ በላይ ነው። ከመብራቱ ሥር ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው የስፖንጅ ጓርኒሲዮን በጊዜ ብዛት ይጠፈጠፋል። ብሎኖቹን ፈትተህ መብራቱን ሳብ፤ ከቀዳዳው በታች የውሃ መስመር ካየህ ተገኝቷል። አዲስ ጓርኒሲዮን ግጠም፣ ወይም አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አንሥተህ በቡቲል ገመድ ዙር። ብሎኖቹን በእኩል ግን በቀስታ አጥብቅ፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ችግሩ ካልቆመ የሚንሸራተተውን የኋላ መስታወት ሐዲድ የውሃ መውጫ ቀዳዳ፣ ከዚያም ከወንበሩ ጀርባ ያሉትን የአየር መውጫዎች ጎማ እይ።

ጥያቄ፦ መስታወት ከተቀየረ በኋላ በላይኛው ጥግ ይገባል። ሠሪው ከውጭ ሲሊኮን ልሙላበት ይላል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እምቢ በለው። መስታወት የሚጣበቀው ዩሬታን በሚባል ማጣበቂያ ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ላሜራውን ያዝገዋል፤ ከዚያም በላይ ቅሪቱ ባለበት ዩሬታን አይዝም፣ የሚቀጥለው ጥገና ይበላሻል። መስታወቱ ይውጣ፣ ላሜራው ላይ ያለ ዝገት እስከ ንጹህ ብረት ይፈቅ፣ ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባው) ይቀባ፣ ማጣበቂያው ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይዙር። የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ማጣበቂያው ተጀምሮ ካለቀበት መጋጠሚያ ነው። ማጣበቂያው እቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት እስኪሞላ መኪናው አይነዳ፣ አንድ የበር መስታወትም ጣት ያህል ይከፈት። ሁሉም ተዘግቶ በር በኃይል ሲዘጋ የታፈነው አየር ያልጠነከረውን መስታወት ይገፋል።

ጥያቄ፦ ሽታው እንዴት ይጠፋል? ምንጣፉ ከላይ ደርቋል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ከላይ ደርቆ ከሥር ያለው ስፖንጅ ለሳምንታት ውሃ ይይዛል። ወንበሮቹ ወጥተው ምንጣፉ ይነሣ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ወይም የቀበቶ መወጠሪያ ነው፤ ቁልፉን አጥፍተህ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና ሳትነካው ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆይ። ምንጣፉን በሁለቱም ገጽ ፀሐይ አስመታው። በረኪና አትጠቀም፤ ቀለሙን ያነጣል፣ ብረቱን ይበላል። ከምንጣፉ ሥር የሚያልፉ ሶኬቶችን ከፍተህ አረንጓዴ ዝገት መኖሩን እይ፤ ካለ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጽዳ።

ጥያቄ፦ ወለሉን ብበሳውና ውሃው ቢወጣስ? ወንዝ ስሻገር ነው በብዛት የሚገባው። (ከጋምቤላ)

መልስ፦ አትብሳ፤ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያስገባልም። ወለሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀዳዳዎች አሉት፣ በጎማ ውታፍ የተዘጉ። አንዱ ወድቆብሃል። ምንጣፉን አንሥተህ ከሥር መብራት አብራ፤ ብርሃን የሚያሳየውን ቀዳዳ ስፋት ለክተህ ልኩን ውታፍ ግዛ። ቀጥሎ ሽቦ ከሞተሩ ወደ ጋቢና የሚገባበትን እይ። ጂፒኤስ የገጠመ ሰው ላሜራውን በስቶ ሽቦውን ያለ ጎማ አሳልፎት ከሆነ ጎማ አስገባለት፣ በሞተሩ በኩል ያለውንም ሽቦ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ እንዲቆለመም አድርገህ እሰረው። ውሃ ሽቦውን ይዞ ሲወርድ ከተቆለመመበት ታች ይንጠባጠባል፤ ወደ ቀዳዳው አይወጣም።