ሲዲውና ኤኤፍኤሙ ሲለያዩ የቱን እንመን?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ደስ ይላል፤ ብዙዎቻችንን ያስቸገረ ነገር ነው። ሦስት አይሶሉሲንና ጫፉ ላይ አንድ ላይሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ራሱን ወደ ክር የሚገነባ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ሠርተሻል። ላይሲኑን ብቻ ከኤል ወደ መስታወት ምስሉ፣ ወደ ዲ፣ ስትቀይሪው ሲዲው (ሰርኩላር ዳይክሮይዝም፤ ግራና ቀኝ የሚዞር ብርሃን ምን ያህል በተለያየ መጠን እንደሚዋጥ የሚለካው) ምንም አልተለወጠም። በኤኤፍኤም (ገጽታን በቀጭን መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚሠራ ማይክሮስኮፕ) የታየው ክር ግን ወደ ግራ መጠምዘዙን ትቶ ወደ ቀኝ ዞረ። "የትኛው መሣሪያ ነው የተሳሳተው?" ብለሻል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሲዲ ከ190 እስከ 250 ናኖሜትር ባለው ክልል በዋናነት የሚያየው ቤታ ሺቱን፣ ማለትም ፔፕታይዶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው የሠሩትን ንጣፍ ነው። እዚያ ምልክቱን የሚወስኑት አይሶሉሲኖቹ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ አልነካሻቸውም። ኤኤፍኤም የሚያሳይሽ ሺቶቹ ተደራርበው የሠሩት ክር ወዴት እንደዞረ ነው። እሱን የሚወስነው ላይሲኑ ነው። በ2017 በዚሁ ፔፕታይድ ላይ የወጣው ጥናት ያገኘውም ይህንኑ ነው። ገመድ ስንገምድም ፈትሉ ወደ አንድ ጎን፣ ገመዱ ወደ ሌላ ጎን ይዞራል።

ስለዚህ ካይራሊቲን (የግራና ቀኝ ነገሩን) ከመቆጣጠርሽ በፊት የትኛውን ደረጃ እንደምትፈልጊ ወስኚ። የክሩን አቅጣጫ ከሆነ ከጫፉ ጀምሪ። ሁሉንም ወደ ዲ መገልበጥ የመስታወት ምስሉን ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ለማነጻጸሪያ ግን እንዳትተዪው። የሁለቱ ሲዲ እኩልና ተቃራኒ ካልሆነ አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ክሮቹ ተሳስረው የሠሩትን ጄል ነው። ክሮቹ ኩቬቱ (የናሙናው መያዣ) ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ ሊኒየር ዳይክሮይዝም፣ ማለትም ከመሰለፋቸው ብቻ የሚመጣ የብርሃን አዋዋጥ ልዩነት፣ ይገባና የሌለ ምልክት ያሳያል። ኩቬቱን በ90 ዲግሪ አዙሪና ድገሚው። ከተቀየረ ያንን ዳታ አትመኚው። ቀጥዬ የማየው ንጽሕናውን ነው። በሲንተሲስ (ፔፕታይዱ ሲሠራ) ጊዜ ሬስማይዜሽን፣ ማለትም የኤልና የዲ መደባለቅ፣ አለ፤ በተለይ ሲስቲንና ሂስቲዲን ላይ ይብሳል። ኤልና ዲ አሚኖ አሲዶችን ለመለየት የሚያገለግለው የማርፊ ሪኤጀንት ይህን ቶሎ ያወጣዋል። ከሲንተሲስ የቀረው ቲኤፍኤ (ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ) ደግሞ ከ200 ናኖሜትር አካባቢ በታች ብርሃን ስለሚውጥ ወደ ክሎራይድ ቀይሪው።

ደግሞ አደራ፣ የክሩን አቅጣጫ ከአንድ የቲኢኤም (ኤሌክትሮን በናሙናው አልፎ ምስል የሚሠራበት ማይክሮስኮፕ) ምስል ብቻ አትፍረጂ። እሱ የሚሰጥሽ ጥላ ነው፤ ግራና ቀኙ አይለይም።

ጥንካሬ ከሆነ የምትፈልጊው ግን መንገዱ ሌላ ነው። ማክስ1 የተባለውን ፔፕታይድ ከመስታወት ምስሉ ጋር እኩል ሲቀላቅሉት የተገኘው ጄል ከሁለቱም በብዙ ይጠነክራል። ጄሉ ሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዳይበላ ከሆነም ዲ አሚኖ አሲድ ይረዳል፤ ፕሮቲን የሚቆርጠው ኢንዛይም፣ ፕሮቲዬዝ፣ በቀላሉ አይቆርጠውም።

አሁን አይሶሉሲኖቹን ዲ፣ ላይሲኑን ኤል አድርገሽ ሥሪ። ፒኤቹም፣ መጠኑም፣ የቆየበት ጊዜም ከበፊቱ ጋር አንድ ይሁን። ሲዲው ተገልብጦ ክሩ ግራ ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። የኤኤፍኤም ምስሉን እዚህ ለጥፊልን፤ አብረን እናየዋለን።